ጨዋነትና ጉልበት፦ የአሜሪካ ኮሌጆች የሴቶች ቅርጫት ኳስ ታሪክ

ማርች 22 ቀን 1893 በማሳቹሴትስ ግዛት፣ በኖርዝሃምፕተን ከተማ፣ በስሚዝ የሴቶች ኮሌጅ የሰውነት ማጎልመሻ አዳራሽ ውስጥ ሁለት ቡድኖች ተሰለፉ። በአንደኛው ወገን የአንደኛ ዓመት፣ በሌላው ወገን የሁለተኛ ዓመት ተማሪዎች ነበሩ። ወንድ ወደ አዳራሹ እንዳይገባ ተከልክሏል፤ ምክንያቱም ተጫዋቾቹ ረጅሙን ቀሚስ አውልቀው እስከ ጉልበት የሚደርስ ሰፊ ሱሪ ስለ ለበሱ፣ በዘመኑ አስተያየት ይህን ልብስ የወንድ ዓይን ሊያየው አይገባም ነበር። ጨዋታውን ለማስጀመር መምህሪቱ ኳሷን ወደ ላይ ወረወሩ። ኳሷ ገና ወደ መሬት ሳትመለስ የመምህሪቱ እጅ ወደ ላይ ከተዘረጋው ከአንደኛ ዓመቷ ተጫዋች ክንድ ጋር ተጋጨና የልጅቷ ትከሻ ከመጋጠሚያው ወለቀ። እርሷ ወጣች፤ ሌላ ተተካች፤ ጨዋታውም ቀጠለ። በመጨረሻ የሁለተኛ ዓመት ተማሪዎች 5 ለ 4 አሸነፉ።

የሴቶች የኮሌጅ ቅርጫት ኳስ ታሪክ እንግዲህ የሚጀምረው በወለቀ ትከሻ ነው። ማንም ማንንም ለመጉዳት አላሰበም፤ ጥፋቱም የተጫዋቾቹ አልነበረም። ሆኖም ከዚያች ቀን ጀምሮ እስከ ዘመናችን ድረስ ያልተቋጨ አንድ ክርክር ተከፈተ፤ ይኸውም ሴት በሜዳ ላይ ጉልበቷን እስከምን ድረስ ልታሳይ ይገባታል? ልኩንስ የሚወስነው ማን ነው? የሚል ነው። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ወራትና ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበል።)

ስለ ሻካራ ጨዋታ የሚናገር ሰው አስቀድሞ ጨዋታው ራሱ ለምን እንደ ተፈጠረ ማስታወስ ይኖርበታል። ጄምስ ናይስሚዝ በዲሴምበር 1891 ከኖርዝሃምፕተን ብዙም በማትርቀው በስፕሪንግፊልድ ከተማ፣ በወጣት ወንዶች ክርስቲያናዊ ማኅበር ማሠልጠኛ ትምህርት ቤት መምህር ሳሉ፣ በክረምት ቤት ውስጥ የሚዘጉ ጎረምሶችን የሚያጫውት አዲስ ነገር እንዲፈልጉ ታዘዙ። የሜዳውን እግር ኳስ ወደ አዳራሽ ለማስገባት ያደረጉት ሙከራ አልተሳካም፤ አደጋ ያመጣል። ናይስሚዝ ነገሩን የመረመሩት አንድ መሐንዲስ የተሰበረን ድልድይ እንደሚመረምር ነበር። ሰው ተጋጣሚውን ለምን ይጥለዋል? ኳስ ይዞ ስለሚሮጥ ነው። ይዞ መሮጥ ከተከለከለ ግን መጣሉ ጥቅም አይኖረውም። ኳሱስ ለምን በኃይል ይመታል? ግቡ ፊት ለፊት ቆሞ ስለሚጠብቅ ነው። ግቡ ከራስ በላይ ተሰቅሎ አፉን ወደ ሰማይ ከከፈተ ግን ኃይል ሳይሆን ልክ ማወቅ ያስፈልጋል። የኮክ ፍሬ መያዣ ቅርጫቶቹ ከፍ ብለው የተሰቀሉበት ምክንያት ይህ ነው።

ቢሆንም ንድፍ ብቻውን አልበቃም። ናይስሚዝ በ1939 በራዲዮ ሲናገሩ እንደ ተሰማው፣ በመጀመሪያው ሙከራ ተማሪዎቹ ተናንቀው ዓይናቸው የጠቆረ፣ ትከሻው የወለቀ፣ ራሱን ስቶ የወደቀም ነበር። ስለዚህም በ13ቱ የመጀመሪያ ሕጎች መካከል አምስተኛው በትከሻ መግፋትን፣ መያዝን፣ ማደናቀፍንና መምታትን ከለከለ፤ ይህን ደግሞ ያጠፋ ተጫዋች ቀጣዩ ግብ እስኪቆጠር ድረስ ከሜዳ እንዲወጣ አዘዘ። እንግዲህ ወለምታ ያገኛት የመጀመሪያ ትከሻ የሴት አልነበረችም። ይህ ነጥብ ኋላ ስለ ሴቶች በተጻፈው ብዙ ነገር ውስጥ ተረስቷል።

በስሚዝ ኮሌጅ ኳሷን ወደ ላይ የወረወሩት መምህር ሴንዳ ቤሬንሰን ይባላሉ። በ1868 በሊቱዌኒያ ከአይሁድ ቤተሰብ ተወልደው በልጅነታቸው ወደ ቦስተን የተሰደዱ፣ በኋላ የሥነ ጥበብ ሐያሲ ሆኖ ስሙ የገነነው የበርናርድ ቤሬንሰን እኅት ናቸው። አካላቸው ደካማ ስለ ነበረ ለጤናቸው ሲሉ በቦስተን የሰውነት ማጎልመሻ ትምህርት ቤት ገብተው፣ ከዚያ ወጥተው በ1892 መጀመሪያ በስሚዝ ማስተማር ያዙ። በዚያ ዘመን ሐኪሞች ጭምር የሴት ልጅ ኃይል የተወሰነ ስለሆነ ትምህርትና ሩጫ አብረው ይጨርሱታል ብለው በሚያምኑበት ጊዜ፣ ቤሬንሰን ተማሪዎቻቸውን ሊያጠነክሩ ተነሡ። የናይስሚዝን ጨዋታ ከስፖርት መጽሔት ላይ አንብበው ያመጡትም ለዚሁ ነው። ሴት ወደ ሥራ ዓለም በምትገባበት ዘመን ጠንካራ አካልና ከሌሎች ጋር ተባብሮ መሥራት ያስፈልጋታል የሚለው ሐሳባቸው ለጊዜው ደፋር ነበር።

ሆኖም ያስደሰታቸው ያው ጨዋታ አስፈራቸው። ተማሪዎቹ ኳስ ይነጣጠቃሉ፤ ይጋፋሉ፤ ለማሸነፍ ሲሉ ራሳቸውን ይረሳሉ። ቤሬንሰን በጻፏቸው ጽሑፎች ሻካራነት በወንድ ላይ ከሚከፋው ይልቅ በሴት ላይ የከፋ መስሎ እንደሚታይ፣ የማሸነፍ ፍቅርም ካልተገደበ የሴትን ባሕርይ እንደሚያበላሽ ተከራክረዋል። ይህን ፍርሃታቸውን በስብከት ብቻ አልተዉትም፤ ወለሉ ላይ መሥመር አሰመሩ። ሜዳው በሦስት ተከፈለ፤ አንዲት ተጫዋች ከተመደበችበት ክፍል መውጣት አይፈቀድላትም። ኳስ ከሌላዋ እጅ መንጠቅ ተከለከለ። ኳስ ይዞ መቆየት ከሦስት ሰከንድ፣ ማንጠርም ከሦስት ጊዜ እንዳይበልጥ ተወሰነ። በ1899 በስፕሪንግፊልድ በተደረገ የሰውነት ማጎልመሻ መምህራን ጉባኤ ሕጉን የሚያስተካክል ኮሚቴ ተመረጠ፤ በ1901 ደግሞ የስፖልዲንግ ኩባንያ ቤሬንሰን ያዘጋጁትን የሴቶች ሕግ አሳትሞ በመላው አገር በተነው። በኒው ኦርሊንስ የሶፊ ኒውኮም ኮሌጅ መምህርት የነበሩት ክላራ ቤር ቀደም ብለው በ1895 የራሳቸውን ሕግ አሳትመው ነበር። የእርሳቸው ሜዳ ከሦስትም በላይ ስለሚከፋፈል አንዲት ተጫዋች ከቆመችበት ጥቂት እርምጃ ብቻ ትንቀሳቀስ ነበር። ይህም የሆነው ክላራ ቤር በናይስሚዝ ሥዕል ላይ ተጫዋቾች የሚቆሙበትን ስፍራ የሚያመለክቱትን የነጠብጣብ መሥመሮች የማይታለፉ ድንበሮች መስለዋቸው ነው ይባላል። በንድፍ ሥራ ላይ ያለ ሰው የምልክት ማብራሪያ የሌለው ሥዕል ምን እንደሚያመጣ ያውቃልና ነገሩ አያስገርመውም።

እዚህ ላይ ስለ አንድ ቃል ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። እኛ በአማርኛ ስፖርታዊ ጨዋነት ስንል የምንጠቀምበት ቃል የራሱ ታሪክ አለው። ጨዋ ማለት በመካከለኛው ዘመን የንጉሥ ጭፍራ፣ ወታደር ማለት ነበር፤ ከዚያ በኋላ የቤተሰብ ልጅ፣ የታረመ፣ ዓይነ አፋር ወደ ማለት ዞረ። ለወንድ ስንሰጠው ሐቀኛነቱንና ቃል አክባሪነቱን እናስባለን፤ ለሴት ስንሰጠው ግን ድምፅዋን ዝቅ ማድረጓን፣ አንገቷን መድፋቷን እናስባለን። በእንግሊዝኛ ተናጋሪዎቹም ዘንድ የሆነው ይኸው ነው። የቤሬንሰን ዘመን መምህራን ሁለቱን ትርጉሞች አንድ አድርገዋቸዋል። ሕግ ማክበርና እመቤት መምሰል አንድ ነገር ሆኑ። የኋለኛው ክርክር ሁሉ የተቋጠረው በዚህ ቋጠሮ ነው።

ሴቶቹ ግን ማሸነፍ አስደስቷቸዋል። ኤፕሪል 4 ቀን 1896 የስታንፎርድና የካሊፎርኒያ ዩኒቨርስቲዎች ተማሪዎች በሳን ፍራንሲስኮ ተጋጠሙ፤ በሁለት ኮሌጆች ሴቶች መካከል የተደረገ የመጀመሪያው ግጥሚያ የሚባለው ይህ ነው። በየወገኑ ዘጠኝ ተጫዋቾች ነበሩ። ተመልካቾቹም ሴቶች ብቻ ሲሆኑ፣ ውጪ የቀሩ ወንዶች በመስኮት ለማየት ሲንጠላጠሉ ሴቶች ዱላ ይዘው እንደ ተከላከሏቸው ተጽፏል። ስታንፎርድ 2 ለ 1 አሸነፈ። ሦስት ዓመት አልፎ በ1899 የስታንፎርድ መምህራን ሴቶች ከሌላ ኮሌጅ ጋር በቡድን ጨዋታ እንዳይጋጠሙ ከለከሉ።

ክልከላው በየስፍራው ተዛመተ። በ1923 በዋሽንግተን በተደረገ ስብሰባ የብሔራዊ አማተር አትሌቲክስ ፌዴሬሽን የሴቶች ክፍል ተቋቋመ፤ መሪዋ ባለቤታቸው ኋላ ፕሬዚዳንት የሆኑት ሉ ሄንሪ ሁቨር ነበሩ። ክፍሉ ለእያንዳንዷ ልጃገረድ ስፖርት ይድረሳት የሚል በጎ ዓላማ ነበረው፤ የገንዘብ ንግድ የገባበትን የወንዶች ስፖርት መጸየፉም ያለ ምክንያት አልነበረም። መፍትሔው ግን የጨዋታ ቀን የሚባለው ሆነ። የልዩ ልዩ ኮሌጅ ተማሪዎች በአንድ ስፍራ ይሰበሰቡና ተደባልቀው በየቡድኑ ይመደባሉ፤ ስለዚህ የትኛውም ኮሌጅ አያሸንፍም፣ የትኛውም አይሸነፍም። ከዚያም ሻይ ይጠጣል። ሻካራ ጨዋታ በእርግጥ ጠፋ፤ ከእርሱ ጋር ግን ጨዋታው ራሱ ሊጠፋ ምንም አልቀረውም።

የዚህን ዋጋ ከከፈሉት አንዷ በሚሲሲፒ ግዛት የዴልታ ስቴት መምህራን ኮሌጅ ተማሪ የነበሩት ማርጋሬት ዌድ ናቸው። በ1930ዎቹ መጀመሪያ ዌድ የቡድኑ አለቃ ሳሉ፣ ኮሌጁ ጨዋታው ለወጣት ሴቶች ከባድ ነው ብሎ ቡድኑን አፈረሰ። ተጫዋቾቹ የመጫወቻ ልብሳቸውን ሰብስበው በእሳት አቃጠሉት። ይህ እሳት በኋላ ተመልሶ ይመጣልና አንባቢ እንዲያስታውሰው እንለምናለን።

በዚያው ዘመን ግን ከዋናው ጎዳና ውጪ የተጫወቱም ነበሩ። በሰሜን ካሮላይና፣ በግሪንስቦሮ ከተማ ያለው ቤኔት ኮሌጅ የጥቁር ሴቶች ኮሌጅ ነው። በሥነ ሥርዓት ትምህርቱ የታወቀ፣ ተማሪዎቹ ኮፍያና ጓንት ሳያደርጉ ወደ ከተማ እንዳይወጡ የሚከለክል ነበር። ይህ ኮሌጅ በ1930ዎቹ ብርቱ የቅርጫት ኳስ ቡድን ነበረው፤ በ1934 ደግሞ በቴኒስ ዝነኛዋ ኦራ ዋሽንግተን የምትመራውን የፊላዴልፊያ ትሪቢዩን ቡድን ገጥሟል። ጓንት ማድረግና ሜዳ ላይ መፋለም በአንድ ሰው ላይ ሲዋሐዱ ያላስቸገራቸው ሰዎች ነበሩ ማለት ነው። ነጮቹ መምህራን ሊለያዩ አይችሉም ያሏቸውን ሁለቱን የጨዋነት ትርጉሞች እነዚህ ተማሪዎች በተግባር ለያይተው አሳይተዋል። ነገር ግን በ1940ዎቹ መጀመሪያ ቤኔትም ከኮሌጆች ውድድር ወጣ።

ፍርዳችን ሚዛኑን እንዳይስት ስለ ተከፋፈለው ሜዳ አንድ ነገር መጨመር ይገባል። በ1938 ሦስቱ ክፍሎች ወደ ሁለት ዝቅ ብለው፣ በየወገኑ ስድስት ተጫዋቾች፣ ማለትም ሦስት አጥቂና ሦስት ተከላካይ የሚጫወቱበት ሕግ ጸና። ይህ ሕግ የወጣው ሴትን ለመገደብ ነው። ሆኖም በአዮዋ ግዛት ገበሬዎችና ትንንሽ ከተሞች ይህንኑ የተገደበ ጨዋታ አንሥተው ሕዝባዊ በዓል አደረጉት፤ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች የግዛት ውድድር በዴ ሞይን ከተማ ትልቁን አዳራሽ ይሞላ ነበር። በ1968 ዴኒስ ሎንግ የተባለች ተማሪ በአንድ ጨዋታ ብቻ 111 ነጥብ አስቆጠረች። አዮዋ ይህን ሕግ የተወው በ1993 ነው። ሰው በጠባብ ቤትም ቢሆን ካዘወተረ መደነስ ይችላል፤ ቤቱ መጥበቡን ግን አይክድም።

ግድግዳው የፈረሰው በአጭር ጊዜ ውስጥ ነው። በ1966 ኳስን ያለ ገደብ ማንጠር ተፈቀደ። በ1971 አምስት ተጫዋቾች በመላው ሜዳ የሚሮጡበት ሕግ ጸደቀ። በዚያው ዓመት የሴቶች የኮሌጅ ስፖርት ማኅበር፣ በምሕጻረ ቃል ኤ አይ ኤ ደብልዩ የሚባለው፣ ተመሠረተ። ጁን 23 ቀን 1972 ደግሞ ታይትል ናይን የተባለው ሕግ ታወጀ፤ ይኸውም የመንግሥት ገንዘብ በሚቀበል ማናቸውም ትምህርት ቤት በጾታ ልዩነት ማድረግን የሚከለክል ነው። ከሕጉ ጽሑፍ ውስጥ ስለ ስፖርት የተጻፈ ነገር ባይገኝም፣ ስፖርትን የለወጠውን ያህል የለወጠው ነገር ጥቂት ነው።

በ1972 ለመጀመሪያው የማኅበሩ ሻምፒዮና ከፔንሲልቬኒያ የሄደው ኢማኩላታ የተባለ ትንሽ የካቶሊክ ሴቶች ኮሌጅ ነበር። ገንዘብ ስላልነበረ ስምንት ተጫዋቾች ብቻ ተጓዙ፤ አሰልጣኛቸው ካቲ ረሽ ወጣት ነበሩ። ጎረቤታቸውን ዌስት ቼስተርን 52 ለ 48 አሸንፈው ተመለሱ። በዚያ ኮሌጅ ጨዋታ መነኩሲቶች በደጋፊዎች መቀመጫ ላይ ሆነው የብረት ባልዲ በዱላ ይደበድቡ እንደ ነበር የሚነገረው እውነት ነው። ኢማኩላታ ሦስት ዓመት ተከታትሎ ነገሠ። በ1975 ዙፋኑን የነጠቀው ማን ነበር? ዴልታ ስቴት ነው። ኮሌጁ ቡድኑን በ1973 መልሶ ሲያቋቁም አሰልጣኝ አድርጎ የጠራው ስድሳ ዓመት ያለፋቸውን ማርጋሬት ዌድን ነበር። በ1975፣ በ1976ና በ1977 ተከታትለው አሸነፉ። የቡድኑ ምሰሶ ሉሲያ ሃሪስ የምትባል የሚሲሲፒ ጥቁር ገበሬ ልጅ ነበረች፤ በ1976 በሞንትሪያል ኦሊምፒክ፣ የሴቶች ቅርጫት ኳስ ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሊምፒክ ሲገባ፣ የመጀመሪያውን ነጥብ ያስቆጠረች እርሷ ናት። ሃሪስ ከቅርጫቱ ሥር ቦታዋን በሰውነቷ ይዛ የምትጫወት ነበረች። የ1901 ሕግ ቢሆን ኖሮ ግማሹን ጨዋታዋን ይከለክላት ነበር። ሕጉ ሲለወጥ ሻካራ የተባለው ነገር ጥበብ ተባለ። ዌድና ቤሬንሰን በአንድ ዓመት፣ በ1985፣ በናይስሚዝ የክብር አዳራሽ ስማቸው መጻፉ የታሪክ ቀልድ ይመስላል፤ አንዲቱ መሥመሩን ያሰመሩ፣ አንዲቱ መሥመሩ ሲጠፋ ያሸነፉ ናቸው።

የሴቶቹ ማኅበር ዕድሜ ግን አጭር ሆነ። ማኅበሩን የመሠረቱት የሰውነት ማጎልመሻ መምህራን የወንዶቹን መንገድ ፈርተው መጀመሪያ ለተጫዋች የነፃ ትምህርት ዕድል መስጠትን እንኳ ከልክለው ነበር፤ በ1973 በፍርድ ቤት ክስ ምክንያት ተዉት። በ1982 ኤን ሲ ኤ ኤ የተባለው የወንዶቹ ኃያል ድርጅት የራሱን የሴቶች ሻምፒዮና ሲጀምር፣ የመጀመሪያውን ዋንጫ ሉዊዚያና ቴክ ቼይኒ ስቴትን 76 ለ 62 አሸንፎ ወሰደ፤ የሴቶቹ ማኅበርም ወዲያው ፈረሰ። በ1972 የሴት ቡድኖችን ከሚያሠለጥኑት ከ90 በመቶ በላይ ሴቶች ነበሩ፤ ገንዘቡ ሲመጣ ድርሻቸው ከግማሽ በታች ወረደ። የጨዋነትን ልክ የሚወስነው ሰው ተለወጠ ማለት ነው። በዚያ በ1982 ቡድን ውስጥ ኳስ አከፋፋይ የነበረች ኪም መልኪ የምትባል አጭር ልጅ ነበረች። ስሟን ከዚህ በታች ደጋግመን እናገኘዋለን።

ከዚህ ወዲያ ያለውን ታሪክ ሁሉ ለመተረክ ቦታው አይበቃም፤ ክርክሩን ያጋጋሉትን ጥቂት ቀናት ብቻ እናነሣለን።

በፌብሩዋሪ 1998 የኮኔቲከት ዩኒቨርስቲዋ ኒኬሻ ሴልስ የትምህርት ቤቷን የነጥብ ክብረ ወሰን ለመስበር ሁለት ነጥብ ሲቀራት የተረከዟ ጅማት ተበጠሰ። አሰልጣኟ ጂኖ ኦሪየማ የቪላኖቫውን አሰልጣኝ ሃሪ ፔሬታን ለመኑ፤ የሊጉ ኃላፊም ፈቀዱ፤ የቀድሞዋ ባለ ክብረ ወሰን ኬሪ ባስኮምም ተስማማች። ፌብሩዋሪ 24 ቀን ጨዋታው ሲጀመር በአንድ እግሯ የቆመችው ሴልስ ከቅርጫቱ ሥር ሆና ማንም ሳይከላከላት አስቆጠረች፤ ከዚያ ቪላኖቫም እንዲሁ በነፃ ሁለት ነጥብ ተሰጠው። 2 ለ 2 ሲሆን እውነተኛው ጨዋታ ተጀመረ። አገሩ ሁሉ በሁለት ተከፈለ። አንዳንዱ ደግነት ነው አለ፤ አንዳንዱ ይህ ለወንዶች ፈጽሞ የማይደረግ፣ የሴቶችን ስፖርት ከቁም ነገር የማይቆጥር ነው አለ። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ከሁለተኞቹ ወገን ነው። ተጋጣሚን ማክበር ማለት በሙሉ ኃይል መግጠም ነው፤ ስጦታ የሆነ ነጥብ ክብረ ወሰንን ትንሽ ያሳንሰዋል። ይሁን እንጂ ማንም በዚያች ምሽት እንዳልተጎዳ መካድ አይቻልም፤ የጨዋታውን ሚዛን እኩል ለማድረግም ተጠንቅቀዋል።

ማርች 3 ቀን 2010 ነገሩ በተቃራኒው ሆነ። የቤይለሯ ብሪትኒ ግራይነር፣ ገና የአንደኛ ዓመት ተማሪ፣ በቴክሳስ ቴክ ሜዳ ከተከላካይ ጋር ከተጓተተች በኋላ ዞራ በቡጢ መታቻትና የተጋጣሚዋ አፍንጫ ተሰበረ። ከሜዳ ተባረረች፤ በደንቡ መሠረት አንድ ጨዋታ ታገደች፤ አሰልጣኟ ኪም መልኪ ደግሞ አንድ ተጨማሪ ጨዋታ በራሳቸው ፈቃድ አገዷት። ድርጊቱ ቡጢ ነው፤ ሊከላከሉለት አይቻልም። ነገር ግን ከሁለት ሜትር በላይ የምትረዝም ተጫዋች በየምሽቱ በሁለትና በሦስት ሰው ስትጎተትና ስትገፋ ዳኛ የሚያልፈው ከሆነ፣ ሸክሙ ከልኩ በላይ የሆነ ምሰሶ የሚሰነጠቅበትን ቀን መጠበቅ ነው። ይህን ያነሡት ጥቂቶች ነበሩ፤ ብዙው ሰው የተናገረው ስለ ሴት ልጅ ባሕርይ ነው። የ1901ዱ ሐሳብ ሳይሞት ቆይቷል ማለት ነው።

ስለ ዳኝነቱ የተናገረ ሰነድ በመጨረሻ በ2013 ወጣ። ቀድሞ የሴቶቹን የባለሙያ ሊግ የመሩት ቫል አከርማን ለኤን ሲ ኤ ኤ ባቀረቡት ጥናት፣ የቅርጫት ውርወራ ውጤትና የነጥብ ብዛት በታሪክ ዝቅተኛ ደረጃ ላይ መድረሱን አመለከቱ፤ ከምክንያቶቹም አንዱ መጓተትና መገፋፋት መብዛቱ ነበር። በ2013 ውድድር ዘመን ኳስ በያዘች ተጫዋች ላይ እጅ መጫንና በክንድ መግፋት ወዲያውኑ ጥፋት ሆኖ እንዲነፋ ታዘዘ። በመጀመሪያው ወር ፊሽካው በዛና ሰው ተማረረ፤ ከዚያ ተጫዋቾቹ እግራቸውን መጠቀም ተማሩ። ዳኛ ስለ ባሕርይ ሳይሰብክ፣ መሥመርም ወለሉ ላይ ሳያሰምር ጨዋታን ማቅናት እንደሚችል ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አላውቅም። ናይስሚዝ የጀመሩት መንገድም ይኸው ነበር።

ኤፕሪል 2 ቀን 2023 በዳላስ ከተማ ሉዊዚያና ስቴት አዮዋን 102 ለ 85 አሸነፈ፤ ወደ 10 ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ በቴሌቪዥን አየው። የአሸናፊው ቡድን አሰልጣኝ ኪም መልኪ ነበሩ። በመጨረሻዎቹ ደቂቃዎች አንጄል ሪስ ወደ አዮዋዋ ኮከብ ወደ ኬትሊን ክላርክ ቀርባ እጇን ፊቷ ላይ እያወዛወዘች፣ ቀጥሎም የቀለበት ጣቷን እያሳየች ተሳለቀችባት። በማግስቱ የወቀሳ ናዳ ወረደ። ክላርክ ግን ከጥቂት ቀን በፊት ከሉዊቪል ጋር ስትጫወት ያንኑ የእጅ ምልክት አሳይታ ነበር፤ ያን ጊዜ የተባለው ወኔ ነው። አንዷ ነጭ፣ አንዷ ጥቁር ናቸው። ሪስ ራሷ ዓመቱን ሙሉ እንደ ሰፈር ዱርዬ ስትታይ መክረሟን ተናገረች፤ ክላርክም ሪስ ልትወቀስ አይገባም አለች። ሁለቱ ተጫዋቾች ከተመልካቾቻቸው ይልቅ ነገሩን አቅልለው አይተውታል። ምልክቱ ማንንም አልነካም፣ የማንንም አጥንት አልሰበረም፤ የተጣሰ ሕግ ቢኖርም ቅጣቱ የታወቀ የቴክኒክ ፋውል ነው። ሕዝቡ የተቆጣው እንግዲህ በሕግ መጣስ አልነበረም፤ ከላይ ባነሣነው በሁለተኛው የጨዋነት ትርጉም፣ በአንገት መድፋት ጉዳይ ነበር።

ማርች 10 ቀን 2024 ግን አጥንት ሊሰበር ይችል ነበር። በግሪንቪል ከተማ በደቡብ ምሥራቅ ሊግ የፍጻሜ ጨዋታ ሁለት ደቂቃ ያህል ሲቀር፣ የሉዊዚያና ስቴቷ ፍላውጄ ጆንሰን አንዲት የሳውዝ ካሮላይና ተጫዋች ሆን ብላ ያዘች፤ በግርግሩም ሌላዋን በትከሻ ገፋች። በዚህ ጊዜ ቁመቷ ሁለት ሜትር የሚሆን ካሚላ ካርዶሶ የተባለች ብራዚላዊት እየሮጠች መጥታ ጆንሰንን በሁለት እጇ ገፍትራ ከመሬት ጣለቻት። የጆንሰን ወንድም ከተመልካቾች መካከል ዘሎ ሜዳ ገባና በፖሊስ ተያዘ። የተቀያሪዎችን መቀመጫ ለቀው የገቡት ጭምር በድምሩ ስድስት ተጫዋቾች ተባረሩ። ሳውዝ ካሮላይና 79 ለ 72 አሸነፈ።

ከጨዋታው በኋላ የተነገሩት ሁለት ንግግሮች ይህ ታሪክ የደረሰበትን ያሳያሉ። የሳውዝ ካሮላይና አሰልጣኝ ዶን ስቴሊ ገና ዋንጫው እጃቸው ላይ ሳለ ይቅርታ ጠየቁ፤ ቡድናቸው ይህ እንዳልሆነ፣ ለታየውም ነገር እርሳቸው ኃላፊ እንደሆኑ ተናገሩ። መልኪ በበኩላቸው ነገሩ እንደማያምር ካመኑ በኋላ፣ ካርዶሶ ትንሿን ከምትገፋ ቁመቷ የሚቀርባትን ሪስን ብትገፋ ደስ ይለኝ ነበር አሉ። ብዙዎች በዚህ ደነገጡ። ነገር ግን መልኪ ጨዋታውን የተማሩት ሴቶች እንደ እመቤት እንዲጫወቱ የሚጠየቁበት ዘመን እያለቀ ሳለ ነው፤ በ2010 ለገዛ ተጫዋቻቸው ቅጣት የጨመሩትም እርሳቸው ናቸው። ሰው በአንድ ንግግሩ ብቻ አይመዘንም። ካርዶሶ በይፋ ይቅርታ ጠየቀች፤ በቅጣቷም ቡድኗ በብሔራዊው ውድድር ያደረገውን የመጀመሪያ ጨዋታ ከዳር ሆና ተመለከተች። በዚህ ረገድ ደንቡ ሠርቷል፤ ለወንድ የሚፈርደውን ፈርዷል፤ ከዚያ ያነሰም የበለጠም አልጨመረም።

ኤፕሪል 7 ቀን ሳውዝ ካሮላይና አዮዋን 87 ለ 75 አሸንፎ የውድድር ዘመኑን 38 ጊዜ ተጫውቶ አንድም ሳይሸነፍ ፈጸመ። ካርዶሶ 15 ነጥብና 17 ተመላሽ ኳስ አግኝታ የውድድሩ ምርጥ ተጫዋች ተባለች። ጨዋታውን ከ18 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ አየው፤ የወንዶቹን ፍጻሜ ያየው ግን 15 ሚሊዮን አይሞላም ነበር። በዚህ ዓይነት የሴቶቹ ተመልካች የወንዶቹን ሲበልጥ የመጀመሪያው ነው። በሽልማቱ መድረክ ላይ ድምፅ ማጉያው ለስቴሊ ሲሰጣቸው፣ የአዮዋ ልጆች አንገታቸውን ደፍተው ወደ መልበሻ ክፍላቸው ካመሩ በኋላ፣ ከሌሎች ምስጋናዎቻቸው መካከል የተሸነፈችውን ኬትሊን ክላርክን በስሟ ጠርተው ስፖርታችንን ከፍ ስላደረግሽልን አመሰግንሻለሁ አሉ።